ስለ ዋሽንግተን ባስ ጠይቁኝ፦ አንዱ በነፃ ሌላው በ2.25 ለምን እንደሚጭን፣ የድሮው 70 የት እንደገባ

ሰላም ሰላም ቤተሰብ። እኔ እዚህ ዲሲና አካባቢው ባስ መንዳት ከጀመርኩ ቆየሁ፣ ከዛ በፊት ደግሞ መኪና መግዣ እስካገኝ ድረስ ለዓመታት ተሳፋሪ ነበርኩ፣ ስለዚህ ከሁለቱም ወገን አውቀዋለሁ። ዛሬ ኦፍ ነኝ፣ ቡናም ተፈልቷል፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁ። የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። አንድ ፌርማታ ላይ ሁለት ዓይነት ባስ ይቆማል፣ አንዱ ዝም ብለህ ግባ ይላል አንዱ ክፈል ይላል። ነገሩ ምንድነው?

መልስ፦ ባለቤታቸው ስለሚለያይ ነው ወንድሜ። ክፈል የሚልህ ሜትሮ ባስ ነው፣ የዲሲ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ የጋራ ንብረት። ነፃው ራይድ ኦን ነው፣ የሞንትጎመሪ ካውንቲ የራሱ ባስ፣ በ1975 እዛው አንተ ሰፈር ነው የጀመረው፣ ከጁን 29 ቀን 2025 ወዲህ ደግሞ ለማንም ሰው ነፃ ሆኗል። አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ደግሞ ዳሽ አለላችሁ፣ እሱማ ከ2021 ጀምሮ ነው ነፃ የሆነው። አርሊንግተን አርት የሚባል አለው፣ ፌርፋክስ ኮኔክተር አለው። የኛ ሰው ግን ሁሉንም ሰብስቦ "ሜትሮ" ነው የሚለው፣ ችግሩ እዛ ጋ ነው። ግንባሩ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ጎኑ ላይ የተጻፈውን ስም እዩ። አንዲት የማውቃቸው እናት አሉ፣ የኔ ባስ ቀድሞ ከደረሰ በእጃቸው "ሂድ ሂድ" ይሉኛል፣ ብርዱን ችለው ነፃዋን ይጠብቃሉ። ልጅ ናቸው እንዴ ሁለት ዶላር ከሃያ አምስት መሬት የሚጥሉት።

ጥያቄ፦ ሶስት መንግስት አንድ ባስ እንዴት በጋራ ያዙ? ከመጀመሪያውም የመንግስት ነበር?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም። ይሄ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ያዙ።

ድሮ የግል ነበር፣ ያውም መጀመሪያ ባስ ሳይሆን በሃዲድ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ትራም ነው ከተማውን የሚያመላልሰው። መሀል ከተማ ላይ ሽቦ በሰማይ መዘርጋት በሕግ ክልክል ስለነበር ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከመሬት ስር ነው፣ በሁለቱ ሃዲዶች መሀል በተቆፈረ ቦይ። ጆርጅታውን ኦ እና ፒ የሚባሉት መንገዶች ላይ ዛሬም ድንጋዩ ውስጥ ሃዲዱ አለ፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ያቺ ቀጭን ስንጥቅ ትታያለች፣ ጫማ ተረከዙ ቀጭን ከሆነ ተጠንቀቁ።

ኩባንያው ካፒታል ትራንዚት ይባል ነበር። በ1955 በጋ ላይ ሠራተኛው አድማ መታ፣ ከተማው ቆመ፣ ኮንግረሱ ተናደደና የመሥራት ፈቃዱን ነጠቀው (ያኔ ዲሲ በራሷ የመረጠችው ከንቲባ እንኳ አልነበራትም፣ ሁሉንም የሚያዛት ኮንግረስ ነው)። በ1956 ሮይ ቾክ የሚባል ባለሀብት ገዛውና ዲሲ ትራንዚት አለው፣ ግን ትራሙን አንስተህ በባስ ትተካለህ ተብሎ ነው የተሸጠለት። የመጨረሻው ትራም ጃንዋሪ 28 ቀን 1962 ሄደ። ከዛ በኋላ ባስ ብቻ።

አሁን ሜትሮ የምንለው መስሪያ ቤት በ1967 ሲቋቋም ለባስ አልነበረም የታሰበው፣ የምድር ባቡሩን እንዲሠራ ነው። ግን የግል ኩባንያዎቹ እየከሰሩ፣ ታሪፍ እየጨመሩ፣ ሰው ታሪፉን እየሸሸ፣ ሰው ሲሸሽ ደግሞ እንደገና እየጨመሩ መውጫ አጡ። በመጨረሻ በ1973 ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ አራት ኩባንያ በአንድ ጊዜ ተጠቀለለ፦ ዲሲ ትራንዚት፣ የሱው እህት የሆነው ደብሊው ቪ ኤንድ ኤም፣ የቨርጂኒያው ኤቢ ኤንድ ደብሊው፣ የሜሪላንዱ ደብሊው ኤም ኤ። እነዚህ አራቱ ተሰፍተው ነው ሜትሮ ባስ የሆኑት፣ ስፌቱ ደግሞ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ይታይ ነበር። ቁጥሩ ብቻ የሆነ አለ፣ ፊደል ቀድሞ ቁጥር የሚከተል አለ፣ ቁጥር ቀድሞ ፊደል የሚከተል አለ። የቨርጂኒያው 16 ኤ ምናምን ሲል የዲሲው ኤስ2 ይላል። አዲስ የመጣ ሰው "ይሄን ማን ነው ያወጣው?" ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱ ማንም አላወጣውም፣ ከየቤቱ ይዞት የመጣው ስም ነው።

ጥያቄ፦ ባቡሩ ሲመጣ ባሱን አልገደለውም?

መልስ፦ አልገደለውም ግን አሳጠረው። ባቡሩ በማርች 1976 በአምስት ጣቢያ ብቻ ጀመረ፣ እየሰፋ ሲሄድ ግን መሀል ከተማ ድረስ ይገባ የነበረው ባስ ጣቢያው በር ላይ እንዲቆምና እንዲመለስ ተደረገ። ለቢሮ ሰው ተመቸ፣ በአንድ ባስ ቀጥ ብሎ ሥራው ለሚገባው የጽዳት ሠራተኛ ግን ሁለት መሳፈሪያ ሆነበት። እኔ ይሄ ነገር እስከዛሬ ሙሉ በሙሉ የተፈታ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ የኔ 70 የት ገባ??? ለሁለት ወር ኢትዮጵያ ሄጄ ስመለስ የለም።

መልስ፦ አለ እህቴ፣ ስሙን ነው የቀየረው። ዲ40 በይው፣ ያው ጆርጂያ አቬኑን ይዞ ነው የሚሄደው። ያ ያልኩት ስፌት በጁን 29 ቀን 2025 ነው የተፈታው፣ ከ1973 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መላው መስመር እንደ አዲስ ተሠራ። አሁን ፊደሉ ሰፈሩን ይነግርሻል። ዲ ካለ ወደ ዲሲ መሀል ከተማ የሚሄድ፣ ሲ ካለ ከተማውን አቋርጦ የሚያልፍ፣ ኤም ሞንትጎመሪ፣ ፒ ፕሪንስ ጆርጅ፣ ኤ አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያ፣ ኤፍ ፌርፋክስና ፎልስ ቸርች። መጨረሻው ላይ ኤክስ ካለ ፈጣኑ ነው፣ ሁሉም ፌርማታ ላይ አይቆምም፣ ያንቺ ላይ መቆሙን ሳታይ አትግቢ። የ16ኛው መንገድ ኤስ2 ዲ60 ሆኗል፣ ኤክስ2 ደግሞ ዲ20። የተነሱ ፌርማታዎችም ስላሉ ድሮ ትቆሚበት የነበረው ቦታ ላይ ምልክቱ መኖሩን እይ።

የመጀመሪያው ሳምንት እኮ ለኛም ለሹፌሮቹ ጭንቅ ነበር። አንድ አባት በየቀኑ ነው የሚሳፈሩት፣ በር ከፈትኩላቸው፣ ቀና ብለው ቁጥሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ቁጥሩን አዩ፣ "አንተ ራስህ ነህ ወይ?" አሉኝ።

ጥያቄ፦ እናቴ በቅርብ ነው የመጣችው፣ 68 ዓመቷ ነው። ቅናሽ አላት?

መልስ፦ አላት። 65 ከሞላ የሲኒየር ስማርትሪፕ ካርድ ይሰጣታል፣ ባሱ 2.25 የነበረው 1.10 ይሆንላታል። ዕድሜዋን የሚያሳይ መታወቂያ ይዛ ራሷ መሄድ አለባት። ዜግነት ማንም አይጠይቃትም አትፍሩ። አካል ጉዳት ያለበት ሰውም ዋጋው እንደዛው ነው። ፉድ ስታምፕ (የመንግስት የምግብ ድጋፍ) የምትቀበሉ ደግሞ ሜትሮ ሊፍት የሚባል አለ፣ ባሱም ባቡሩም በግማሽ ዋጋ ነው። ከ2023 ጀምሮ አለ፣ ግን የሚገባቸው ሰዎች ሳይመዘገቡ እየከፈሉ ሲሄዱ ሳይ ያናድደኛል፣ እባካችሁ ለጎረቤትም ንገሩ።

ጥያቄ፦ በካሽ ስከፍል ሁለተኛው ባስ ላይ እንደገና ያስከፍሉኛል፣ ጓደኛዬን ግን አያስከፍሏትም። ፊት አይተው ነው እንዴ?

መልስ፦ ሃሃ አይደለም። እሷ ስማርትሪፕ ካርድ አላት። ካርዱ መጀመሪያ ከነካሽበት ሰዓት ጀምሮ ለሁለት ሰዓት ያስታውስሻል፣ ሌላ ባስ ብትገቢ አይቆርጥም፣ ባቡር ብትገቢ ደግሞ የባሱን ሂሳብ ይቀንስልሻል። ካሽ ምንም አያስታውስም። ድሮ የወረቀት ትራንስፈር ነበር፣ ሹፌሩ ቀዶ ይሰጥሽ ነበር፣ እሱ በ2009 ቀረ። ደግሞ ካሽ ስትከፍሉ መልስ የለም፣ አምስት ብር ብትከቱ አምስት ብር ሄደ። ካርዱ ሁለት ዶላር ነው፣ በስልክም ይሠራል።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ ቀን ባስ ስትገባ የሠራኸው ትልቁ ስህተት?

መልስ፦ እንዳትስቁ። ከመጣሁ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው፣ ባሱ ፌርማታዬን ሊያልፍ ሲል ከኋላ ሆኜ ድምፄን ከፍ አድርጌ "ወራጅ አለ!" አልኩ። በአማርኛ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሁለት ወንበር ፊት ለፊት የተቀመጠች ሴትዮ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች፣ ለካ ሐበሻ ናት፣ እጇን ዘርግታ መስኮቱ ስር ያለችውን ቢጫ ገመድ ሳብ አደረገችልኝ፣ ቲንግ አለ፣ ባሱ ቆመ። ስወርድ "እዚህ ገመዱ ነው ወያላው" አለችኝ።

ሌላው፣ አንበሳ ባስ የለመደ ሰው ትኬት ቆራጭ ፍለጋ ወደ ኋላ በር ይሄዳል። እዚህ በፊት በር ነው መግባት፣ ሹፌሩ አጠገብ ያለው ሳጥን ላይ ነው መክፈል፣ ሲወረድ ደግሞ በኋላ በር። መልሰው የሚሰጡ፣ "ጠጋ ጠጋ በሉ" የሚሉ ሰው የለም፣ ያለው ሹፌሩ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛ የማይችል ሰው ቢጠፋስ?

መልስ፦ ሜትሮ ደውላችሁ "አምሃሪክ" በሉ፣ በስልክ አስተርጓሚ ያገናኟችኋል። ሌላ ዘዴ ልንገራችሁ፣ እያንዳንዱ ፌርማታ ምልክቱ ላይ ሰባት አሃዝ ቁጥር አለው። ለወላጆቻችሁ የቤታቸውን ፌርማታ ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ስጧቸው፣ ከጠፉ የቆሙበትን ቁጥር ብቻ በስልክ ያንብቡላችሁ፣ የት እንዳሉ በትክክል ታውቃላችሁ። ቁጥር ማንበብ እንግሊዝኛ አይፈልግም።

ጥያቄ፦ ያቺ ቀይዋ የአንድ ዶላር ባስስ?

መልስ፦ ሰርኩሌተር። የለችም፣ በ2024 መጨረሻ ተዘጋች።

ጥያቄ፦ ማሪዮን ባሪ በባስ አድማ ነው የታወቀው ሲባል ሰማሁ፣ እውነት ነው?

መልስ፦ በደንብ እውነት ነው፣ ይሄን ስለጠየቅክ ደስ ብሎኛል። ጃንዋሪ 24 ቀን 1966 ነው። ዲሲ ትራንዚት ታሪፉን ከ20 ሳንቲም ወደ 25 ሳንቲም ሊያደርስ ነው ተባለ። አምስት ሳንቲም ምናላት ትል ይሆናል፣ ግን ሰሜን ምሥራቅ ዲሲ ውስጥ በየቀኑ ለሚመላለስ ጥቁር ሠራተኛ ከዳቦው ላይ የምትነሳ ናት። ባሪ ያኔ ወጣት ነው፣ ስኒክ የሚባለው የተማሪዎች የመብት ንቅናቄ ነው ወደ ዲሲ ያመጣው። ለአንድ ቀን ማንም ባስ እንዳይሳፈር አሉ፣ ዋናው ቦታ ቤኒንግ ሮድ ነበር፣ ዛሬ ዲ20 የሚሄድበት። መኪና ያለው ሰው በነፃ ጎረቤቱን እየጫነ ሥራ አደረሰ። ባሶቹ በጠዋት ባዶአቸውን ሲያልፉ ታዩ። አዘጋጆቹ 130 ሺህ የሚጠጋ ጉዞ ቀርቷል አሉ፣ ተቆጣጣሪው ኮሚሽንም ጭማሪውን ሳያጸድቅ ቀረ። ባሪ በ1979 ከንቲባ ሆነ፣ ከዛ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። እኔ ቤኒንግ ሮድ ላይ በጠዋት ባስ ሞልቼ ስወጣ ትዝ ይለኛል፣ ያን ቀን የነበረው ሹፌር ምን ይሰማው ነበር እላለሁ። እሱም ሠራተኛ ነው፣ ባዶ ባስ መንዳት ደግሞ ያስጠላል።

ጥያቄ፦ ሹፌርነቱ እንዴት ነው፣ ልግባበት?

መልስ፦ ሲዲኤል (የከባድ መኪናና የባስ መንጃ ፈቃድ) ባይኖርህም ማመልከት ትችላለህ፣ ስልጠናው ላይ እያለህ ይከፈልሃል። የሜትሮ ሠራተኛ ከሆንክ ዩኒየኑ ኤቲዩ ሎካል 689 ነው። ጥቅማ ጥቅሙ ጥሩ ነው፣ አልዋሽህም። ግን ሁሉም ነገር በሲኒየሪቲ ነው የሚሄደው። "ፒክ" የሚባል አለ፣ ቀድሞ የገባ ቀድሞ መስመሩንና ሰዓቱን ይመርጣል፣ አንተ የተረፈውን ነው የምትወስደው። የተረፈው ደግሞ ቅዳሜና እሁድ፣ ሌሊት፣ ወይ ስፕሊት ነው፣ ስፕሊት ማለት ጠዋት ሰው ሥራ ስታስገባ ትነዳለህ፣ መሀል ላይ ያለ ሥራ ትቀመጣለህ፣ ማታ ደግሞ መልሰህ ስታወጣቸው ትነዳለህ። ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገናንና ፋሲካን መኪናው ላይ ነህ። ሚስትህን አስቀድመህ አማክራት።

ጥያቄ፦ 14ኛው መንገድ ላይ ዙሪያውን አጥረው የሚሠሩት ትልቅ የጡብ ግንብ ምንድነው?

መልስ፦ የባስ ጋራዥ ነው፣ ኖርዘርን ይባላል። በ1906 ለትራም ማደሪያ ነው የተሠራው፣ ትራሙ ሲቀር የባስ ሆነ። አሁን የፊቱን ግድግዳ አቆይተው ውስጡን ለኤሌክትሪክ ባስ እየሠሩት ነው። በኤሌክትሪክ ጀምሮ ናፍጣ ጠጥቶ ወደ ኤሌክትሪክ ተመለሰ በለው።

ጥያቄ፦ ሳይክል ይዤ መግባት እችላለሁ?

መልስ፦ ውስጥ አይገባም፣ ፊት ለፊት አፍንጫው ላይ ማንጠልጠያ ራክ አለ። ራስህ አውርደህ ጫን፣ ሂሳብ የለውም። ስትወርድ ግን "ሳይክሌን ላወርድ ነው" ብለህ ንገረኝ፣ ዝም ብለህ ከፊቴ እንዳትገባ።