ሃርድዊክ ሆልን ምን ተሸከመው?

ጥያቄ፦ በእንግሊዝ ደርቢሸር ያለው ትልቁ ቤት ሃርድዊክ ሆል ፊቱ አብዛኛው መስታወት ነው። ታዲያ ክብደቱን የተሸከመው ምንድን ነው?

መልስ፦ በአብዛኛው ወፍራሞቹ የውስጥ ግድግዳዎች ናቸው። ከ1590 እስከ 1597 እ.ኤ.አ. ለባለጸጋዋ እመቤት ለቤስ ኦፍ ሃርድዊክ በተሠራው በዚህ ቤት፣ የጭስ መውጫዎቹም በብዛት የሚያልፉት በእነዚሁ ግድግዳዎች ስለሆነ የውጭው ፊት ለመስኮት ተረፈ። መስኮቱን ሁሉ ግን አይመኑ! አንዳንዱ ከኋላው ድፍን ግንብ ነው፤ የተቀመጠው ግራና ቀኙ እንዲመሳሰል ብቻ ነው።

ደካማው ጎን መስኮቱ ራሱ ነው። በዘመኑ ሰፊ መስታወት መሥራት አስቸጋሪ ስለነበር ትናንሽ ቁራጮች በእርሳስ ማዕድን ተያያዙ። እርሳስ ለስላሳ ነውና ነፋስ ያጎብጠዋል፤ ስለዚህ ከጀርባው የብረት ዘንግ ይደግፈዋል። በመስኮቱ ዙሪያ ባለው ድንጋይ ውስጥ የተቀበረው የዘንጉ ጫፍ ሲዝግ ያብጥና ድንጋዩን ይሰነጥቃል። ስንጥቁን በሲሚንቶ መድፈን እርጥበቱን አፍኖ ዝገቱን ያባብሳል፤ የዛገው ጫፍ ይውጣ፣ በማይዝግ ብረት ይተካ፣ ክፍተቱም በኖራ ይሞላ።