ጠንካራው ብሎን ምድጃ ላይ ለምን ይለጠጣል?

ጥያቄህ ባጭሩ ይህ ነው። የ4140 ብረት (ክሮሚየምና ሞሊብዲነም ያለበት) ዘንግ በሮለር ዳምጠህ ብሎን አወጣህ፤ አግለህ ዘይት ውስጥ ነከርከው፤ ከዚያ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቴምፐር አደረግከው፣ ማለትም ስብራቱ እንዲቀንስ መልሰህ አሞቅከው። ጥንካሬውን ስትለካው ከ50 ሮክዌል ሲ (የጥንካሬ መለኪያ) በላይ ነው። ግን 520 ዲግሪ የሚደርስ ምድጃ ላይ ሲታሰር በሳምንታት ውስጥ ይለጠጥና ዳዶው ይላላል። አሁን ደግሞ በቀዝቃዛው ብዳምጠው ይሻላል ወይ ብለሃል።

ወንድሜ፣ በከንቱ አትድከም። በቀዝቃዛው ስትዳምጠው የምታገኘው ጥንካሬ ሙቀት ላይ አይቆይም፤ 520 ላይ ሲውል ሲያድር ይከዳሃል።

ዋናው ጥፋት ቴምፐሩ ነው። በ200 ያቆምከውን ሥራ ምድጃው በ520 ይቀጥልልሃል፣ ያውም ብሎኑ ተወጥሮ እያለ። ካላመንከኝ አንዱን ፈተህ እንደገና ለካው፤ ያ 50 የለም። ስለዚህ የመጨረሻው ቴምፐር ዕቃው ከሚሠራበት ሙቀት በደንብ ከፍ ይበል፣ እኔ ከ50 ዲግሪ በታች ልዩነት አልወድም። 4140ን በ600 ቴምፐር ብታደርገው ወደ 30 ሮክዌል ሲ ገደማ ይወርዳል፤ አትደንግጥ፣ እዚህ ቦታ ላይ ለስላሳ የሚመስለው ነው የሚቆየው።

እውነቱን ልንገርህ ካልክ ግን 520 ለ4140 ይከብደዋል። ቫናዲየም ያለበትን የክሮሚየምና ሞሊብዲነም ብረት ፈልግ፣ ቢ16 የሚባለውን የብሎን ደረጃ። እሱን ከ925 እስከ 955 ዲግሪ አግለህ ዘይት ውስጥ ትነክረዋለህ፤ ቴምፐሩ ከ650 አይወርድም። ስታግለው ቫናዲየሙ ብረቱ ውስጥ ይሟሟል፤ ቴምፐር ላይ ደግሞ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ካርባይድ (ከካርቦን ጋር የተዋሃደ ጠንካራ ቅንጣት) ሆኖ ይወጣና ብረቱ በሙቀት እንዳይሳብ ይይዘዋል። የማግለያውን ሙቀት ከቆጠብክ ቫናዲየሙ አይሟሟም፣ ካበዛኸው ደግሞ ግሬይኑ (ብረቱ የተሠራበት ጥቃቅን ቅንጣት) ያድግና ብሎኑ ጥርሱ ሥር ይሰበራል።

የሙቅ ዳመጣው? በ1150 ገደማ ጀምር፣ ከ900 ሳይወርድ ጨርስ። ከዚያ በላይ አትጨነቅበት፣ በኋላ እንደገና ስታግለው ግሬይኑ አዲስ ይሆናል። "ግሬይኑ በደቀቀ ቁጥር ይጠነክራል" የሚሉህ በቀዝቃዛ ለሚሠራ ዕቃ ልክ ናቸው፤ በሙቀት ለረጅም ጊዜ ሲጎተት ግን ደቃቅ ግሬይን በድንበሩ ላይ ይንሸራተታል።

ከዘይት እንደወጣ ቅርፊቱን ጥረግና ሞረድ አስነካው። ላዩን እየነከሰ ትንሽ ገባ ሲል ከተንሸራተተ፣ ምድጃህ የላዩን ካርቦን በልቶታል፤ ያንን ሽፋን ሳታነሳ አትግጠም። ከዚያ ለብ እንዳለ ቴምፐር አስገባው፣ ካሳደርከው ሊሰነጠቅ ይችላል። ለየ25 ሚሊሜትር ውፍረት 1 ሰዓት ስጠው፣ ቀጭን ቢሆንም ከ2 ሰዓት አታሳንስ።

ስትገጥመው ርዝመቱን በካሊፐር ለክተህ ጻፍ። ከወር በኋላ አቀዝቅዘህ ፍታና እንደገና ለካ። ከጨመረ ወይ ምድጃህ አንተ ከምታስበው በላይ ይግላል፣ ወይ ብሎኑ ለተሸከመው ጭነት ቀጭን ነው።