ሸለምጥማጥ የቦጨቃት ዶሮ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ሌሊት ሸለምጥማጥ ዶሮ ቤት ገብቶ አንዷን ጀርባዋ ላይ ቦጭቋታል። እናቴ «የቡና ዱቄት ነስንሺበት» ትላለች፤ ጎረቤታችን ደግሞ ሳትሞት ትታረድ ባይ ናቸው። ትተርፍ ይሆን? (ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ እህቴ፣ ቆማ ውሃ ከጠጣች ቢላዋውን ይመልሱት። ዶሮ ከምትመስለው በላይ ጠንካራ ናት። ቡናውንም ለጀበናው ይተዉት፤ ቁስሉ ላይ ይጋገርና ከሥሩ መግል ቢቋጥር አያዩትም።

መጀመሪያ ጭድ በተነጠፈበት ካርቶን ለብቻዋ፣ ሞቅና ጨለም ያለ ቦታ ያስቀምጧት። ሌሎቹ ደም ካዩ እየነቆሩ ይጨርሷታል። ጓንት አድርገው፣ ፈልቶ ለብ ባለ 1 ሊትር ውሃ 9 ግራም ጨው አሟሙተው፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ እየረጩ ቁስሉን ይጠቡት። የተጣበቀውን ላባ በመቀስ ይከርክሙ እንጂ አይንቀሉ፤ የዶሮ ቆዳ ስስ ስለሆነ ይተለተላል። ከዚያ ቤታዲን ቀጠን ያለ ሻይ እስኪመስል በውሃ በርዘው ይቀቡላት። አልኮል አያስጠጉ።

እኔን ከቁስሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ዝንብ ነው። እንቁላሏን ከጣለችበት ትሉ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ ጠዋትና ማታ ላባዋን ገለጥ እያደረጉ ይዩ።

የአውሬ ጥርስ ጀርሙን ወደ ውስጥ ስለሚሰድ እንስሳት ክሊኒክ ይውሰዷት። ቤት የተረፈ የሰው ካፕሱል አይስጧት። መድኃኒት ከታዘዘላት እንቁላሏ ለስንት ቀን እንደማይበላ ይጠይቁ። ቆዳዋን ሲነኩት ከሥሩ አየር እንደያዘ ከተንኮሻኮሸ ግን ለነገ ሳያሳድሩ ይውሰዷት፣ ከሳንባዋ ጋር የተያያዘው የአየር ከረጢቷ ተበስቶ ሊሆን ይችላል።