አሸንፈን ለምን አኮረፍኩ?

የእግር ኳስ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም እሁድ ምሽት የማንቼን ጨዋታ ያየሁት አራት ኪሎ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ነው። ፒያሳ የምናይበት ቤት ከፈረሰ በኋላ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ወደዚያ ነው የዞረው። 1 ለ 0 አሸነፍን፣ ቤቱ ተደበላለቀ። እኔ ግን ደስ አላለኝም። «ይሄ ቡድን በዚህ አጨዋወት ዋንጫ አይበላም፣ አዲሱ አጥቂ ዮኬሬሽም ፌክ ነው» አልኩ። ጓደኞቼ «አንተ ድብቅ ማንቼ ነህ» ብለው ሳምንቱን ሙሉ ዘጉኝ። ቅዳሜ ሊድስን 5 ለ 0 ስንደቁስ ደግሞ ስልኬን በሳቅ ሞሉት። ተሳስቻለሁ ወይ?
(ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም አርሰናል ነኝ። ይህን ቀድመህ እወቅልኝና ፍርዴን እንደዚያው መዝነው።

ያን ምሽት እኔ ስታዲየም አካባቢ ነበርኩ። ዝናብ፣ ጭቃ፣ ፍልሰታ ስለሆነ የሽሮ ሽታ። ቡሄ ሁለት ቀን ቀርቶት ስለነበር በር ላይ ልጆች ሆያ ሆዬ ይላሉ። 13ኛው ደቂቃ ላይ ራይስ ኮርነር መታ፣ በረኛው ባይንዲር ኳሱን በወጉ ሳያወጣው ቀረ፣ ካላፊዮሪ ከአፍንጫው ሥር በጭንቅላቱ አስገባው። ቤቱ ሲጮህ ልጆቹ ለነሱ የተጮኸ መስሏቸው ዱላቸውን ይበልጥ መሬት ላይ ደበደቡ። ሳንቲሙንም አገኙ።

ከዚያ በኋላ ግን ያየነው ያው አንተ ያልከው ነው። ማንቼ 22 ጊዜ ሞከረ፣ እኛ 9። የዶርጉ ኳስ ቋሚውን መትቶ ወጣ። ራያ የምቡዌሞንም የኩኛንም ኳስ ባያወጣ ኖሮ ዛሬ የምንጽፈው ሌላ ነበር። እዚህ ድረስ አብሬህ ነኝ።

የምንለያየው ቀጥሎ ነው። ባለፈው ውድድር ዓመት አርሰናል ስንት ጨዋታ ተሸነፈ? 4 ብቻ። ዋንጫውን የበላው ሊቨርፑልም የተሸነፈው 4 ነው። ታዲያ በ10 ነጥብ የተበለጥነው በምንድን ነው? በአቻ። 14 ጊዜ አቻ ወጥተናል። ከነዚያ አንዱ ደግሞ የካቲት 30 እዚያው የማንቼ ሜዳ ኦልድ ትራፎርድ 1 ለ 1 የወጣነው ነው። ዘንድሮ በባሰ አጨዋወት ሦስት ነጥብ ይዘን ወጣን። ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ ለሆነ፣ ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ ዋንጫው ላም አለኝ በሰማይ ለሆነበት ቡድን፣ የጎደለው ይቺ አስቀያሚ 1 ለ 0 ነበረች። ጓደኞችህ ይህን ይወቁት አይወቁት አላውቅም፣ ጩኸታቸው ግን ልክ ነበር።

አሁን ወደ ዮኬሬሽ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ጥፋተኛው አንተ ነህ። 60 ደቂቃ ተጫውቶ አንድም ኳስ ወደ ጎል ሳይመታ በሃቨርትዝ ተቀየረ። አየሁት፣ እኔም አንገቴን ደፋሁ። ግን ሰውዬው ፖርቱጋል፣ ስፖርቲንግ እያለ ባለፈው ዓመት በ52 ጨዋታ 54 ጎል ያገባው ቆሞ ኳስ በመጠበቅ አይደለም። ከተከላካይ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ላይ እየሮጠ ነው። ኳሷ ቶሎ ልትደርሰው ይገባል። እኛ ደግሞ ለዓመታት የለመድነው ተቃራኒውን ነው፤ ኳስ እንነጥቃለን፣ እንዞራለን፣ ቀና ብለን እናያለን፣ ከዚያ ወደ ጎን እንሰጣለን። እሁድ ዕለት ስንት ጊዜ ሩጫውን ጀምሮ፣ ኳስ አጥቶ፣ እጁን ዘርግቶ እንደተመለሰ ቁጠር እስቲ። እኔ መሀል ላይ መቁጠር ትቼዋለሁ።

ማስረጃ ካልክ የሊድሱን የመጀመሪያ ጎሉን መልሰህ እይ። 48ኛው ደቂቃ። ካላፊዮሪ ሳይዘገይ በግራ በኩል ወደፊት ላከለት፣ እሱ ወደ ውስጥ ቆርጦ ገባና መታ። አለቀ። አራት አምስት ቅብብል አላስፈለገም።

ሆኖም በ5 ለ 0ውም ብዙ አትስከር፣ ለጓደኞችህም ንገርልኝ። ሊድስ ገና ከታች ያደገ ቡድን ነው። የቲምበር ሁለቱም ጎሎች መነሻቸው ኮርነር ነው፤ የመጨረሻው የዮኬሬሽ ፍፁም ቅጣት ምት ነበር። (እሷን ያስገኘው ማክስ ዶውማን ያኔ 15 ዓመቱ ነበር። በዚያ ዕድሜዬ እኔ የጨርቅ ኳስ ሳሳድድ ጫማዬን ቀድጄ እናቴ ትገርፈኝ ነበር።) በኮርነር ማግባት ነውር አይደለም፤ የቆሙ ኳሶች አሰልጣኙ ኒኮላስ ዦቨር ደመወዙን የሚበላው ለዚህ ነው። ያለ ኮርነር እንዴት እንደምናገባ ግን ገና በደንብ አላየንም። ሳካና ኦዴጋርድ ደግሞ በዚያው ጨዋታ ተጎድተው ወጡ። አዲሱ ፈራሚ ኤዜ መጥቷል፣ መቼ እንደሚዋሃድ እንጃ።

ስለዚህ ነሐሴ 25 አንፊልድ ላይ ሊቨርፑልን ስንገጥም ውጤቱን ተወውና አንድ ነገር ብቻ እይልኝ፤ ኳስ በነጠቅን ቁጥር በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቅብብል ወደ ዮኬሬሽ ሩጫ ይላካል ወይስ ወደ ኋላ ይመለሳል? ወደ ኋላ ከተመለሰ ኩርፊያህን ቀጥል፣ እኔም እመጣለሁ። በመክፈቻ ውጤት ግን አትማል። የማንቼው ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ2012 የመጀመሪያውን ጨዋታ በኤቨርተን 1 ለ 0 ተሸንፎ ዋንጫ በልቷል። እኛ እ.ኤ.አ. በ2017 ሌስተርን 4 ለ 3 አሸንፈን ጀምረን 6ኛ ነው የወጣነው።

ጥያቄ፦ እኔ የዩናይትድ ደጋፊ ነኝ፣ ጡረተኛ ነኝ። በካላፊዮሪ ጎል ላይ በረኛችን በግልጽ ታግዷል። በእኛ ዘመን በረኛ አይነካም ነበር። ለምን ጸደቀ?
(ከሜክሲኮ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ንዴትዎ ይገባኛል። ነገር ግን በረኛ በሕጉ የተለየ ጥበቃ የሚያገኘው ኳሷን በእጁ ከተቆጣጠረ በኋላ ነው። ኳሷ አየር ላይ እያለች እንደማንኛውም ተጫዋች ነው፤ ከገፉት ወይም ከያዙት ፋውል ነው፣ አጠገቡ መቆም ግን ፋውል አይደለም። ሳሊባ ተጠግቶት ነበር፣ አልክድም። ዳኛው ግን እንደ ጥፋት አላየውም። ለነገሩ እርስዎ ከኛ ይልቅ ደስ ሊልዎት ይገባ ነበር። አምና በ42 ነጥብ 15ኛ የወጣ ቡድን እንዲህ ሲጫወት ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ለአጥቂዎች ከ200 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጥቶ በረኛው ቦታ ላይ ጣጣ መቅረቱን ግን እኔም አልገባኝም።

ጥያቄ፦ አምባሳደር አካባቢ ጀበና ቡና እሸጣለሁ። አጠገቤ ኳስ የሚታይበት ቤት ስላለ ገበያዬ በጨዋታው ሰዓት ነው። አምና ኅዳር ላይ ሰዓቱ ሁሉ ተዛባብኝ። ዘንድሮስ?
(ከአምባሳደር)

መልስ፦ እህቴ፣ የሚዛባው የእኛ ሰዓት ሳይሆን የእንግሊዞቹ ነው። በክረምታቸው ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳሉ። በበጋቸው ልዩነታችን ሁለት ሰዓት ነው፣ በክረምታቸው ሦስት ይሆናል። ቅዳሜ 11 ሰዓት ይጀምር የነበረው ጨዋታ 12 ሰዓት ይሆናል፣ እሁድ 12:30 የነበረው ደግሞ 1:30። ለውጡ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም ነው፤ መልሶ የሚስተካከለው መጋቢት 20 ነው። በመሀል ባሉት ወራት ከሰሉን አንድ ሰዓት አዘግይተሽ አቀጣጥዪ።