ሌሊት የሚያንቀኝ አሲዱ ነው ወይስ እንቅልፌ?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 46 ነው። ከአንድ ዓመት ወዲህ ጠዋት ስነሣ ድምፄ ይጎረንናል፤ ጉሮሮዬ ላይ አንድ ነገር የተሰነቀረ ስለሚመስለኝም ቀኑን ሙሉ እህህ እያልኩ እጠርገዋለሁ። ባለቤቴ ደግሞ እያንኮራፋሁ ቆይቼ ትንፋሼ ድንገት ጸጥ እንደሚል፣ ከዚያም አየር እየማግሁ በርግጌ እንደምነቃ ትነግረኛለች። ሐኪሜ የጨጓራ አሲድ ወደ ጉሮሮዬ እንደሚመለስ ነግረውኝ መድኃኒት አዝዘውልኛል። ቃር ግን አንድም ቀን ነክቶኝ አያውቅም። ያለ ቃር አሲድ ሊመለስ ይችላልን? ከእንቅልፌስ ጋር ምን ያገናኘዋል?

መልስ፦ ይችላል። የምግብ ቧንቧ አሲድን በመጠኑ የሚቋቋምበት መከላከያ ሲኖረው፣ የማንቁርት ሽፋን ግን ይህን ያህል አቅም ስለሌለው፣ ደረትን ሳያቃጥል ሽቅብ ያለፈ ጥቂት አሲድ እንኳ ሊያስቆጣው ይችላል። አብሮት የሚወጣው ፔፕሲን የተባለው ፕሮቲን ፈጪ ኢንዛይምም በጉሮሮ ሽፋን ላይ ይቀርና አሲድ እንደገና ሲነካው ሥራውን ይቀጥላል። ስንተኛ ምራቅ መዋጥ እጅግ ስለሚቀንስ የወጣው ሳይታጠብ ያድራል፤ የጠዋቱ መጎርነንም ከዚህ ሊመጣ ይችላል።

ከደብዳቤዎ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የባለቤትዎ ምስክርነት ነው። በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥን፣ ማለትም ስሊፕ አፕኒያን ያስጠረጥራል። የጉሮሮ ጡንቻዎች ሲላሉ የአየር መተላለፊያው ይደፈናል፤ ትንፋሽ ለ10 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ይቆምና አንጎል ለአፍታ ሲነቃ ይከፈታል። ደረት በተዘጋው ጉሮሮ አየር ለማስገባት ሲታገል በውስጡ የሚፈጠረው የመሳብ ኃይል የጨጓራን አሲድ ወደ ላይ ሊጎትት እንደሚችል ይታሰባል። በሌላ በኩል በአሲድ የተጎዳ ጉሮሮ ሊያብጥ፣ ስሜቱም ሊደነዝዝ ይችላል፤ የደነዘዘ ጉሮሮ ደግሞ መጥበቡን ዘግይቶ ያውቃል። ይሁንና አንዱ የሌላው መንስኤ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ሁለቱንም ስለሚያባብስ ብዙ ጊዜ አብረው ይገኛሉ። ለስሊፕ አፕኒያ ሕክምና በእንቅልፍ ጊዜ አየር በግፊት የሚሰጠው ሲፓፕ የተባለው መሣሪያ በአንዳንድ ሕሙማን ላይ የአሲዱን መመለስም ይቀንሳል፤ የአሲድ መድኃኒት ብቻውን ግን የሚቋረጥን ትንፋሽ አያስተካክልም።

ስለዚህ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ የእንቅልፍ ምርመራ እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ። ምርመራው ትንፋሽ በሰዓት በአማካይ ስንት ጊዜ እንደሚቋረጥ ወይም እንደሚቀንስ ይቆጥራል፤ በአዋቂ ሰው ከ5 በታች እንደ ጤናማ፣ 30 እና ከዚያ በላይ እንደ ከባድ ይቆጠራል። ማንቁርትዎም በቀጭን ካሜራ ቢታይ መልካም ነው፤ መቅላቱ ብቻውን ግን አሲድ ለመመለሱ ማረጋገጫ አይሆንም። የታዘዘልዎ እንደ ኦሜፕራዞል ያለ ከሆነ በአብዛኛው ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይወሰዳል፤ ብዙዎች ሊተኙ ሲሉ ስለሚውጡት ጥቅሙ ይቀንስባቸዋል።

ከራትዎ እስከ መኝታዎ ሦስት ሰዓት ያህል ይኑር። ትራስ መደራረብ ወገብን አጥፎ ሆድን ስለሚጫን፣ የአልጋውን ራስጌ ራሱን ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉ፤ በግራ ጎን መተኛትም ለሁለቱም ችግሮች ይረዳል። የአልኮል መጠጥ የጉሮሮንም የጨጓራን አፍም ጡንቻ ያላላል። ቀን የሚያንጎላጅዎ ከሆነ ምርመራው እስኪያልቅ መኪና አይንዱ። ወደ ሐኪም ሲሄዱም ባለቤትዎ ሌሊት ማንኮራፋትዎንና ጸጥታውን በስልክ ቀድተው ይስጡዎት።