የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጠርሙስ ውስጥ የገቡ የጦርነት ዘመን መርከቦች

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ጠርሙስ ውስጥ የታሸገ ባለ3 ምሰሶ መርከብ ልገዛ ነው። ሻጩ «በናፖሊዮን ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ ታስሮ የነበረ ፈረንሳዊ ምርኮኛ የሠራው ነው» ይላል። እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ እስኪጣራ ድረስ ገንዘብዎን ከኪስዎ አያውጡ። ከ1797 እስከ 1814 በእንግሊዝ ኖርማን ክሮስ የምርኮኞች ካምፕ የታሰሩት የታወቁት ከቀለባቸው ሥጋ በተረፈ አጥንት በሠሯቸው የመርከብ ሞዴሎች ነው፤ ሥራዎቻቸው በፒተርቦሮ ሙዚየም ይገኛሉ። እነዚያ በመቆሚያ ወይም በመስታወት ሣጥን የሚቀመጡ እንጂ ጠርሙስ የሚገቡ አልነበሩም። በዚያ ዘመን ጠርሙስ የገባ መርከብ ጨርሶ አልነበረም ማለታችን አይደለም፤ ከቀደምቶቹ አንዱ፣ የ1784 ሥራ፣ በጀርመን ሉቤክ ይገኛል። ነገር ግን ጥበቡ በመርከበኞች ዘንድ የተስፋፋው ጥርት ያለ ርካሽ ጠርሙስ እንደ ልብ መገኘት ከጀመረበት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ወዲህ ነው። ዛሬ በእጅ የሚገቡት እውነተኛ የምርኮኛ ሥራዎች በአብዛኛው የሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ናቸው፤ በተለይ በሁለተኛው በብሪታንያ፣ በካናዳና በአሜሪካ ካምፖች የነበሩ ጀርመኖች የሠሯቸው።

ከመርከቡ በፊት ጠርሙሱን ይመርምሩ። ጠርሙስ በብረት ቅርጽ ማውጫ ሲሠራ፣ ሁለቱ ግማሾች በሚገናኙበት በኩል ቀጭን መስመር ይቀራል። መስመሩ ከአፉ በታች ከጠፋ አፉ በእጅ የተጨረሰ ነው፤ እስከ አፉ ጫፍ ከዘለቀ ደግሞ ከ1903 ወዲህ በተስፋፋው፣ ማይክል ኦወንስ በፈለሰፈው ዓይነት ጠርሙስ ሠሪ ማሽን ተሠርቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጠርሙስ የያዘ «የናፖሊዮን» መርከብ እዚያው ላይ ጉዳዩ ያልቃል። በአሜሪካ የአልኮል ጠርሙስ ላይ «ይህን ጠርሙስ መሸጥ ወይም ዳግም መጠቀም በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ጎልቶ ከታየ፣ ዘመኑ ከ1935 እስከ 1964 ነው። ታዲያ ጠርሙሱ የሚነግርዎ መርከቡ ከዚያ በፊት ሊሠራ እንደማይችል ብቻ ነው። አሮጌ ባዶ ጠርሙስ ማግኘት ቀላል ስለሆነ፣ አዲስ መርከብ አስገብቶ የሚሸጥም አለ።

ስለዚህ 10 እጥፍ የሚያጎላ መነፅርና ቀጭን የእጅ ባትሪ ይዘው ወደ ውስጥ ይመልከቱ። በተለመደው አሠራር የመርከቡ ቀፎ ከጠርሙሱ አንገት ይጠባል፤ ምሰሶዎቹ ከሥራቸው በሽቦ ማጠፊያ ተይዘው ወደ ኋላ ይተኛሉ። መርከቡ በኋላው ገብቶ ባሕር መስሎ በተሠራ እርጥብ ስቱኮ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ በአፍንጫው በኩል በአንገቱ የወጡት ክሮች ሲሳቡ ምሰሶዎቹ ይነሣሉ። ክሮቹ ከአፍንጫው እንጨት (ከመርከቡ ፊት ሾልኮ ከሚወጣው) ጋር ተጣብቀው ትርፋቸው ይቆረጣል። እርስዎም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፦ ከምሰሶው ሥር ማጠፊያ፣ በአፍንጫው እንጨት ላይ ክር ያለፈባቸው ቀዳዳዎች፣ በክሩ መጨረሻ ላይ የሙጫ ጠብታ። ማጠፊያ ሳይኖር ቀፎው ከአንገቱ ከሰፋ፣ የጠርሙሱን ታች በጣትዎ ይዳስሱ፤ ዙሪያውን ተቆርጦ ተመልሶ የተጣበቀ ሊሆን ይችላል። ቁራጩን በገመድ ወይም በእንጨት መቆሚያ የሚሸፍኑ አሉና መቆሚያውን አንሥተው ይዩ።

365 ናኖሜትር የሆነ የአልትራቫዮሌት ባትሪ ካለዎት ጨለማ ክፍል ውስጥ ያብሩበት። ክሩ ወይም የወረቀቱ ሸራ ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ካበራ ከ1950 ገደማ ወዲህ የተለመደው ማንጪያ ኬሚካል አለበት ማለት ነው፤ ምናልባትም በኋላ የተጠገነ ይሆናል። መስታወቱ ራሱ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ቢያሳይ አይደንግጡ፤ በማንጋኒዝ የጠራ የድሮ መስታወት ጠባይ ነው።

ባንዲራውን ግን ከሁሉ በኋላ ይመኑት። ባለ48 ኮከብ የአሜሪካ ባንዲራ ከ1912 እስከ 1959 ነበር። የጀርመን ጥቁር፣ ነጭና ቀይ ባንዲራ ግን እስከ 1918 ከቆየ በኋላ ከ1933 እስከ 1935 ተመልሷል፤ መርከበኛ ደግሞ ዘመኑ ያለፈበትን ባንዲራ በናፍቆት ሊሰቅል ይችላል። «የምርኮኛ» የሚለውን ቃል የሚያጸናው ከዕቃው ጋር የመጣ ማስረጃ ነው፦ የካምፕ ስም ወይም ቁጥር፣ ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤ። የሣጥን እንጨትና ከልብስ የተፈታ ክር ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱም ባሕር ላይ ያለ መርከበኛም ያገኘውን ነው የሚጠቀመው። በሁለተኛው ጦርነት ደግሞ ቀይ መስቀልና ዋይኤምሲኤ (የወጣት ወንዶች ክርስቲያን ማኅበር) ለካምፖች የእጅ ሥራ ቁሳቁስ ይልኩ ስለነበር፣ ጥሩ ቀለምና ጥሩ ክር መኖሩም ውሸት ነው አያሰኝም።

ጥያቄ፦ የጠርሙሴ ውስጥ ጭጋግ ለብሷል፣ ባሕሩም ከመስታወቱ ተላቆ ሲያዘነብሉት ይንሸራተታል። ከፍቼ ልጠግነው?

መልስ፦ ጭጋጉ ብዙ ጊዜ ከስቱኮውና ከቀለሙ የተልባ ዘይት የሚወጣ ቅባት ነው። መርከቡን አይጎዳም፤ በደንብ የሚታይ ከሆነ ቢተዉት ይሻላል። የላላው ባሕር ግን ይጠገን፤ አንድ ጊዜ ከተንሸራተተ ምሰሶ ይሰብራል። የተልባ ዘይት ስቱኮ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ልሙጥ መስታወትም አይዘውም።

መጀመሪያ በሁሉም አቅጣጫ ፎቶ ያንሡ። ጠርሙሱን አግድም አስተኝተው ግራና ቀኙን በጨርቅ ጥቅል ይደግፉ፤ አንገቱን ወደ ታች ካዘነበሉት መርከቡ ወደ እርስዎ ይመጣል። የማሸጊያ ሰሙን በቀጭን ስለት ጥቂት በጥቂት ይላጡ። የቡሽ መክፈቻ አይጠቀሙ፤ ቡሹ ያረጀ ስለሆነ ፍርፋሪው ባሕሩ ላይ ይወድቃል። ቡሹን ከማውጣትዎ በፊት ክር የተያያዘው እንደሆነ በባትሪ ይዩ፤ አንዳንድ ሠሪዎች የክሩን ጫፍ ቡሹ ሥር ይወትፉታል፣ ሲስቡት የፊቱ ምሰሶ አብሮ ይወድቃል።

ለማጣበቅ ወፈር ያለ የዓሣ ሙጫ በታጠፈ ሽቦ ጫፍ ወስደው በስቱኮው ጠርዝ 3 ወይም 4 ቦታ ብቻ ነጠብ ያድርጉ። ሱፐር ግሉ ፈጽሞ አይሁን፤ ተኑ ጠርሙስ ውስጥ ታምቆ መስታወቱን ነጭ ያለብሰዋል። ኤፖክሲም አንዴ ከያዘ ስለማይለቅ ለቀጣዩ ጠጋኝ መንገድ ይዘጋል። ጭጋጉንም ካነሡ አይቀር፣ በሽቦ ላይ በጥብቅ የታሰረ ጥጥ በዲስቲልድ ውሃ አርሰው፣ ጨምቀው፣ ከባሕሩ በላይ ያለውን መስታወት ብቻ ይጥረጉ። አልኮል የድሮ ቫርኒሽ ስለሚያሟሟ ይቅር። ጠርሙሱ አፉ በስስ ጨርቅ ተሸፍኖ ቢያንስ 3 ቀን ይቆይ፤ እርጥበቱ ሳይወጣ ቢዘጉት ሻጋታ ያመጣሉ።

ጥያቄ፦ መስኮት ላይ ባስቀምጠውስ? በፖስታ ልልከውስ እችላለሁ?

መልስ፦ መስኮት ላይ አይሁን። ፀሐይ የገባበት ጠርሙስ ውስጡ ይግላል፣ ስቱኮው ይሰነጠቃል፣ የጥጥ ክሩም ይበሰብሳል። የሙቀት መጠኑ የማይለዋወጥ መደርደሪያ ይሻለዋል። መላክ ግድ ከሆነ ግን ሁለት ሣጥን ይጠቀሙ፤ በሁለቱ መካከል በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ለስላሳ መሙያ ይኑር። የባሕሩ ወለል ወደ ታች እንዲሆን አስተኝተው፣ «ይህ ጎን ወደ ላይ» የሚለውን በአራቱም ጎን ይጻፉ። ባሕሩ የላላ ከሆነ ግን ሳይጠገን አይላክ።