«ጠነሰሰ» ወይስ «ቀመረ»?

ጥያቄ፦ ለተማሪዎች መጽሔት አንድ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ እየመለስኩ ነው። ሉዊ ብሬል የዓይነ ስውራንን ጽሕፈት «ዲቫይዝ» (devise፣ አስቦ ማውጣት) አደረገ ይላል። «ጠነሰሰ» ብዬ ብጽፍ አርታኢዬ «ሰውዬውን ሴረኛ አደረግሽው!» አሉኝ። «ፈለሰፈ» ልበል ወይስ «ፈጠረ»?

መልስ፦ አርታኢዎ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ከሴራ ጋር አብሮ ስለዋለ «ጠነሰሰ» ጆሮ ላይ ይጠረጠራል፤ ሆኖም «የማኅበሩ ጥንስስ» ሲባል ማንም ቅር አይለውም። እኔን ያልጣመኝ ሌላ ነው። ቃሉ የጠላ ቤት ቃል ነው፤ ጌሾና ብቅሉ በውሃ ተበጥብጦ ጋን ውስጥ ሲከደን ጥንስስ ይባላል፤ ገና አይጠጣም። ብሬል ግን እ.ኤ.አ. በ1824፣ በ15 ዓመቱ፣ የጽሕፈቱን ዋና መልክ ጨርሶት ነበር። ጠላው ደርሷል ማለት ነው።

«ፈጠረ» ደግሞ ከምንም ተነሥቶ የሠራ ያስመስለዋል። ከእሱ በፊት ሻርል ባርቢዬ የተባለ ፈረንሳዊ የጦር መኮንን በ12 ነጥብ ድምፆችን የሚወክል፣ በጣት የሚዳሰስ ጽሕፈት አውጥቶ ነበር። ብሬል ነጥቦቹን ወደ 6 አወረዳቸው፤ ከነዚያ ስድስቱ 63 ምልክት ይወጣል። ይህ ቁጥርና ድርድር ነው፤ ለዚህም አማርኛችን «ቀመረ» የሚል ልክክ ያለ ግሥ አለው። «ፈለሰፈ» ስሕተት አይደለም፤ ግን ዛሬ ዛሬ መኪናና አምፖል ይከተሉታል።

የእንግሊዝኛው ግሥ ሥሩ ላቲን ነው፤ ትርጉሙም መከፋፈል። ከፋፍሎ፣ ቦታ ቦታ አስይዞ ማሰናዳት ነበር፤ ማቀዱ ኋላ መጣ። በሕግ ጽሑፍ ካገኙት ይጠንቀቁ፤ እዚያ መሬትና ቤት በኑዛዜ ማውረስ ነው። በ«ስ» የሚያልቀው «ዲቫይስ» ደግሞ ስሙ ነው፤ የስልክ ነጋዴዎች ቀን ተሌት የሚጠሩት።

እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የሚያልፈውን እኛ የሚሠራውን ነገር ሳናይ አንናገርም። ስልት ከሆነ እንደ መሬት ቀያሹ ይቀየሳል፤ ፕሮጀክትና ሥርዓተ ትምህርት ይነደፋል፤ ቸግሮን ብልኃት ስንፈልግ መላ እንዘይዳለን። ተንኮል ሲሆንማ ቃል ሞልቶን! ይሸረባል፣ ይጎነጎናል፣ ይዶለታል። ወሬና ሰበብ ይፈበረካል። ይህን የመጨረሻውን እወደዋለሁ፤ ከጣሊያንኛ የመጣውን «ፋብሪካ» እንደ አገር ልጅ ግሥ አርብተን ለውሸት ማምረቻ አደረግነው።

ስለዚህ እንዲህ ይጻፉት፦ «ሉዊ ብሬል ዓይነ ስውራን በጣታቸው ዳስሰው የሚያነቡትን ጽሕፈት በስድስት ነጥብ ቀመረ።» አርታኢዎ «ቀመረ» ለልጆች ይከብዳል ካሉ «አዘጋጀ» ይበሉ፤ ይደበዝዛል እንጂ አይዋሽም።